ሁለት ዘበኞች በአንድ ጉብታ

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው በር ይክፈትላት።

ከርከሮና ጃርት በአንድ ጉብታ ሥር ጀርባ ለጀርባ ይኖሩ ነበር። ጉድጓዶቻቸውን የሚለየው ስስ የአፈር ግድግዳ ብቻ ነው። ከርከሮ ቤቱ የሚገባው እንደ ዘመዶቹ ሁሉ የኋሊት ነበር፤ ክራንቻው ወደ ደጅ እንዲያይ።

አንድ ጊዜ «አንበሳ አረጀ፣ ነብር በረታ» የሚል ወሬ ተነዛ። ጃርት ፈጠን ብሎ ነብርን ዘበኛ አደረገ። ነብርም፣ «እኔ እያለሁ እሾህ ምን ያደርግልሃል? አስተኛው» አለው። ጃርትም እሾሁን አስተኝቶ ጉድጓዱ ገባ።

ከርከሮ ይህን ሲሰማ፣ «በእኔ ላይ ነው የመከረው» ብሎ ደነገጠና አንበሳን ለመነ።

«እጠብቅሃለሁ» አለ አንበሳ። «ግን ክራንቻህን አትደግንብኝ። ፊትህን አስቀድመህ ግባ።»

ከርከሮ እንደተባለው ገባ። ጉድጓዱ ጠባብ ነውና ከገቡ ወዲያ መዞር የለም።

መጠየቅ የማይሰለቸው ሽኮኮ ግን ከጉብታው አናት ሆኖ ሁለቱንም ደጃፍ ሲያይ ዋለ። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ዘበኛ የሚያየው ወደ ውጭ ይመስለኝ ነበር። እናንተ ሁለታችሁም ወደ ቤቱ ውስጥ የምታዩት ለምንድን ነው?»

ነብር ጢሙን ጠረገ። አንበሳ ከንፈሩን ላሰ።

ከርከሮ ጥያቄውን ከውስጥ ሰማው። ጅራቱ ወደ አንበሳ ነው፤ ክራንቻው ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ። ቀስ ብሎ አፈሩን መጫር ጀመረ።

ትንፋሽ ሊወስድ አረፍ ሲል፣ ከወዲያ በኩልም የሚጭር ሰማ።

ተረቴን መለስኳት፤ በሩን እናንተ ዝጉ።