የይርገዱ ፈረስና የግራዝማች ላብ

ወገባቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በቀትር ፀሐይ ካፖርት ደርበው የሚሮጡ ሰዎች ሳይ ደሜ ይፈላል። ጠብታ ውሃ አይቀምሱም፤ ማታ ግን ከገበታ የሚያነሣቸው የለም። ደግሞ ኮርተው «ስቡ በላብ እየወጣልኝ ነው» ይላሉ። አባቶቻችን ይህን ሞኝነት በአደባባይ በሚዛን ሰቅለው መዝነውት፣ በአንዲት አባባል ቀብረውት ነበር። እኛ አባባሉን እንደ በቀቀን እየደገምን ታሪኩን ጣልነው፤ ሞኝነቱም ከመቃብሩ ተነሣ። እንግዲህ ስሙት።

ከጃማ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት አጥቢያ ግራዝማች ብሥራት የሚባሉ ሹም ነበሩ። በር ሲገቡ ሆዳቸው ቀድሞ ይገባል። ባለፈው ዓመት ጉግስ ላይ የገዛ ፈረሳቸው ከሥራቸው ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ ቀርቷል። እሳቸው ግን ለመጪው አስተርእዮ ማርያም ጉግስ የይርገዱን ዳማ ፈረስ ተመኙ።

ይርገዱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዳማውን ከውርንጭላነቱ ጀምራ ገብስ በእፍኟ እያበላች ያሳደገችው እሷ ናት። ግራዝማች ሰው ቢልኩባት «አላውስም» አለች። በዚያ ዘመን ሹምን እንቢ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ተቆጥተው ራሳቸው ደጇ ድረስ መጡ።

«ፈረስሽን የምበላው መሰለሽ እንዴ?»

«ቢበሉትማ ባንድ ቀን ይገላገል ነበር። እርስዎ የሚሰብሩት ነው።»

«እስከ በዓሉ እቀላለሁ አልኩሽ!»

«ከምግብዎ ሊቀንሱ ነው?»

«አንዲት ጉርሻ አልቀንስም! ቅቤ እሳት ሲነካው ይቀልጥ የለም? ላብ ማለት የቀለጠ ስብ ነው። ሮጬ አልበዋለሁ፣ አበቃ።»

«እንግዲያው ላብዎን ኩራዝ ውስጥ ይጨምሩና ያብሩበት፤ ለመንደሩ መብራት ይሆናል።»

አጥር ጥግ የቆመው ጎረቤት ሳቁን መያዝ አቃተው። ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። «በሚዛን ይለይልን!» ብለው ፎከሩ።

ይርገዱም አላፈገፈገች። «ከቀለሉ ፈረሱን ይውሰዱ። ካልቀለሉ ግን ዳግመኛ በደጄ እንዳያልፉ» አለች። የአገሩ ሽማግሌዎች አንጋፋ አባ ድንበሩ ዳኛ ሆኑ። ገበያው ውስጥ ከአንድ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ የቆዳ ነጋዴዎች ትልቅ ሚዛን ተሰቅሎ ነበር። ግራዝማችን በዚያ መዘኑና፣ ከእሳቸው ጥቂት የሚቀል ገብስ በስልቻዎች ሞልተው አፋቸውን ሰፉ፤ በበዓሉ ቀን ግራዝማች ከዚህ ገብስ ከቀለሉ ፈረሱን ይወስዳሉ።

ከዚያ ወዲያ የግራዝማች ነገር ትርኢት ሆነ። በየቀትሩ ያልተለፋ ቆዳ ለብሰው፣ በላዩ ሁለት በርኖስ ደርበው አውድማውን ይዞራሉ። አሽከሮቻቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ። ማታ ያው ቁርጡ፣ ያው ዶሮው። የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ ጭራሽ ውሃ የሚባል በአፋቸው አልዞረም። በማግስቱ ወደ ሚዛኑ ሲመጡ ከንፈራቸው እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቆ፣ ዐይናቸው ጎድጉዶ ነበር።

ሚዛኑ ላይ ወጡ። ስልቻዎቹ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ግራዝማች ከፍ አሉ!

እልልታው ቀለጠ። «ፈረሱን አምጪ!» አሉ፣ በደረቀ ጉሮሮ።

ይርገዱ ደንግጣ ዳማውን አየችው፤ ጆሮውን አቁሞ ያያታል። ዘወር ብላ አንድ እንስራ ውሃ አስመጣች። «አመጣለሁ። አስቀድመው ግን ጥምዎን ይቁረጡ። የተጠማ ሰው ከኮርቻ ላይ ይወድቃል።»

ማን ይከለክላቸው! አንድ ቅል ጨለጡ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ፤ በመጨረሻ ቅሉን ጥለው እንስራውን በሁለት እጃቸው አቀፉት። ሲጠግቡ አፋቸውን በበርኖሳቸው ጠርገው ወደ ፈረሱ ተራመዱ። ይርገዱ ግን ልጓሙን ጨብጣ ከፊታቸው ቆመች።

«ወደ ሚዛኑ ይመለሱ።»

«ምን? ተመዝኛለሁ እኮ! አንቺ ሴት፣ ሹም መሆኔን ረሳሽው?»

«ሹመትዎ ክብደት የለውም፤ ክብደትዎ ነው ክብደት ያለው። ፈረሴ የሚሸከመው ቅድም የተመዘኑትን ሰው አይደለም፤ አሁን ፊቴ የቆሙትን ነው። ቢያስሩኝም ልጓሙን አልለቅም!»

አባ ድንበሩ አሰቡና፣ «እውነቷን ነው፤ ይውጡ» አሉ።

ግራዝማች እየተራገሙ ወጡ። በእሳቸው በኩል ያለው ገመድ ሲጢጥ አለ፤ ስልቻዎቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ።

«ይሄማ ውሃ ነው!» ብለው ጮኹ። «አሁን የጠጣሁት ውሃ እንጂ ስብ መሰላችሁ?»

«ታዲያ በላብ የወጣልዎትስ ምን ኖሯል?» አለች ይርገዱ።

ይርገዱ ዳማውን እየሳበች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ወደ ቤቷ አቀናች፤ አባ ድንበሩም በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «በሉ ይውረዱ ግራዝማች፤ ላብ የጠጡትን እንጂ የበሉትን አያወጣም» አሏቸው።