ለምልሞ የቆመው ግራፍ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ስትሰጥ የተቀባዩን እጅ እይ» ማለት ያዘወትር ነበር።

የእኅቴ ልጅ መቅደላዊት ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የሕሙማንን ቁጥር ይዛ፣ ለኮምፒዩተር በሚጻፍ ትእዛዝ ግራፍ ታወጣለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ «አጎቴ፣ ቁጥሩ ልክ ከሆነ ቀለሙንና መልኩን መቀያየር ምን ያደርጋል? ኮምፒዩተሩ እንደሰጠኝ ነገ ብለጥፈውስ?» አለችኝ። ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ይህን ነገርኋት።

አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንቺው ቁጥር የሚሠራ። ሁለት ምንጭ ወዳለበት መንደር ተላከ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የታችኛው ተበክሎ ሕፃናቱን በተቅማጥ ይጥል ነበር። ሰውዬው ቤት ለቤት ዞሮ ጠየቀ። ከላይኛው ጠጥተው የታመሙ ሁለት፣ ከታችኛው ሃያ ሦስት። አንዲት አልሳተም።

ቁጥሩን ለኮምፒዩተሩ ሰጥቶ ለየምንጩ አንድ አንድ ዘንግ አስቆመ፤ በሽተኛ በበዛ ቁጥር ዘንጉ ይረዝማል። ያ ትእዛዝ፣ ቀለም ካልነገሩት ከራሱ ያድላል አሉ። መጀመሪያ ለተጻፈው ለላይኛው ቀይ፣ ለታችኛው አረንጓዴ ሰጠ። ሰውዬው ሦስት ቀን ለፋበት፤ ግን ምን ላይ መሰለሽ? የርእሱን ፊደል አገዘፈ፣ ክፈፍ አበጀ፣ ግራጫውን ጀርባ አነጣ። አለቆቹን ደስ እንዲላቸው ነዋ። ቀለሙን አልነካም። ወረቀቱን መንደሩ መግቢያ ላይ ለጥፎ ሄደ።

በሳምንቱ ሲመለስ የታችኛው ምንጭ በሰው ተጨናንቋል፤ ላይኛው ጋ ወፍ የለም። ጀሪካን የያዘች አንዲት እናት አገኘ። ያዘለቻት ሕፃን ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ወረቀቱን አላያችሁም እንዴ?» አላት።

«አይተን ነዋ የወረድን። የላይኛው ዋግ እንደመታው ስንዴ አጥሮ ቀልቷል፤ የታችኛው ለምልሞ ቆሟል። አንተስ ብትሆን ከየትኛው ማሳ ታጭዳለህ?»

ሰውዬው የዚያኑ ቀን ትእዛዙን እንደገና ጻፈ። ሁለቱንም ዘንግ አነሣና በእያንዳንዱ በሽተኛ ፈንታ በቃሬዛ የተኛ ሰው ሥዕል አስቀመጠ፤ ከወረቀቱ አናት የላይኛውን ሁለት፣ ከግርጌው የታችኛውን ሃያ ሦስት፣ ሁሉም እንደ ከሰል የጠቆሩ። አሮጌውን አንሥቶ ይህን ለጠፈ።

እንግዲህ መቅደላዊት፣ ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ቀለምና መልክ ግን ቁጥሩ የሚናገርበት አፉ ነው። አንቺ ካልመረጥሽለት ማሽኑ ይመርጥለታል፤ ማሽኑ ደግሞ ዋግ አያውቅም፣ ልጅም አላዘለም። ነገ ከመለጠፍሽ በፊት ፊቱ የሚቆመው ማን እንደሆነ አስቢ። ይህን ከየት አመጣኸው ትይኝ እንደሆነ፣ በዚያ ሰሞን ንግሥ ስሄድ በመንደሩ አልፌያለሁ። ጠምቶኝ ወደ ታችኛው ምንጭ ሳቀና፣ አዲሱ ወረቀት ፊት የቆመ የማላውቀው ባለ አህያ፣ እንኳን ቁጥር ፊደልም ያልቆጠረ፣ ክንዴን ያዘና እንዲህ አለኝ፦

«አትውረድ ወንድሜ። ከዚያ የጠጣ በቃሬዛ ነው የሚመለስ።»