የእንስራ ሻጯ መሐላ

አንድ የባዕድ አገር ሰው የሕዝቡን ኑሮ ከራሱ ከሕዝቡ አፍ ሊሰማ ወደ ፊታውራሪ ይመኑ ግዛት መጣ። ፊታውራሪው ግን ከጎኑ አልለይ አሉ። ገበያ መሃል አህያዋን የምትነዳ እንስራ ሻጭ አስቁመው፣ «በይ ንገሪው! በእኔ ዘመን ጥጋብ ነው ወይስ ረሃብ?» ብለው አፈጠጡባት።

ሴትዮዋ አለንጋቸውን ሰረቅ አድርጋ አየችና፣ «ጥጋብ ነው ጌታዬ!» አለች።

«እውነት ከሆነ ማይ» አላት እንግዳው።

«ፊታውራሪ ይሙቱ፣ ጥጋብ ነው!» አለች ሳታመነታ።

ፊታውራሪው ደስ ብሏቸው ጢማቸውን ጠመዘዙ። እንግዳው ግን በሐሰት የተማለበት ሰው ይሞታል ሲባል ሰምቶ ነበርና፣ «እስቲ ደግሞ አህያዬ ትሙት በይ» አላት።

ሴትዮዋ ክው ብላ የአህያዋን አንገት እቅፍ አደረገች።

«ኧረ በስማም! እሷ ከሞተችብኝ እንስራዬን ፊታውራሪ ሊሸከሙልኝ ነው?»