ባሕሩ ለደጃዝማች ወንድይራድ ቦታ የለቀቀ ቀን

ደጃዝማች ወንድይራድ ከደጋው ወርደው ምጽዋን ሊጎበኙ የገቡ ዕለት፣ የአጃቢያቸው ፊት ወደቡ ሲደርስ ጅራቱ ገና ከግቢያቸው አልወጣም ነበር። ከተማዪቱን እንዲያሳያቸው ምላሱ የማያርፍ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ታዘዘላቸው። ከባሕር ድንጋይ የተሠራውን የጥንት ቤት ቢያሳያቸው፣ «የበቅሎዬ ጋጣ ይበልጠዋል» አሉ። በተፈለፈለ እንጨት የተዋበውን ሰገነት ቢያሳያቸው አዛጉ።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ግን ውሃው የሚሸሽበት ሰዓት ነበርና፣ ዓይናቸው እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ደጃዝማች ባሕር አይተው አያውቁም፤ ደረታቸው ተነፋ።

«አያችሁ? ባሕሩ እንኳ አክብሮኝ ቦታ ለቀቀ» አሉ።

«ምን ያድርግ ጌታችን፣ እርስዎን አይቶ» አሉ አሽከሮቹ።

ውሃው በለቀቀው አሸዋ ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ምሳቸውን በሉና ጋደም አሉ። ቀዛፊው «ጌታዬ፣ ከዚህ ቢነሱ ይሻላል» ቢል፣ «አንተን ማን ጠየቀህ?» ብለው አንኮራፉ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ እንደ ልማዱ ተመለሰና ከነካባቸው፣ ከነምንጣፋቸው አነሳቸው። አሽከሮቹ ጎትተው ሲያወጧቸው ግማሹን ባሕር ጠጥተውት ነበር።

«ና አንተ!» አሉ ውሃ እየተፉ። «ጠዋት አክብሮኝ የሄደ ባሕር አሁን በምን ድፍረቱ ተመለሰ? ይህን ካላስረዳኸኝ አርባ ጅራፍ ትቀምሳለህ።»

አለንጋ ያዡ እጅጌውን ሰበሰበ። ቀዛፊው ግን ረጋ ብሎ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ የሄደስ አክብሮዎት አይደለም። ባሕሩም እንደ ባላገርዎ ነው፤ ደጃዝማች መጡ ሲባል ያለውን ሸክፎ ይሸሻል። አሁን የተመለሰውም ሄደዋል ብሎ ነው» አለ።