የሐበሻ ሰዓትና የጋሽ ወንድይፍራው ድምፅ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ፎቶውንም ድምፁንም በኪሱ ይዞ መዞር በጀመረበት በዚህ በእኛው ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ተራኪ ነበሩ። በየእሑዱ በሬዲዮ ይተርካሉ። እሳቸው ሲተርኩ ባለ ሱቁ ሚዛኑን አንጠልጥሎ ይቆማል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ጠባቸውን ለሰኞ ያሳድራሉ። ትረካቸውን ሁልጊዜ የሚዘጉትም በአንድ ቃል ነበር፦ «እኔ እዚህ ላይ ዝም ልበል፣ እናንተ ቀጥሉ።»

ታዲያ ጉሮሯቸው ታመመ። ሐኪሙ «ማንቁርትዎ መውጣት አለበት። ነፍስዎ ትተርፋለች፣ ድምፅዎ ግን አይተርፍም» አላቸው። ጋሽ ወንድይፍራው አልተከራከሩም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያብሰለስሉት የኖሩትን የራሳቸውን ድርሰት፣ ቀዶ ጥገናው ሳይደርስ በድምፃቸው ሊቀርጹት ተነሡ።

ሦስት ረዳቶች ነበሯቸው። ልጃቸው ስንዱ የተቀረጸውን ድምፅ ታስተካክላለች። ምትኩ ፋይል ይጠብቃል። ምትኩ የተባለው፣ ታላቅ ወንድሙ ከሞተ በኋላ ስለተወለደ ነው፤ ያለ ምትክ የሚያስቀምጠው ነገር ስለሌለ ግን ጓደኞቹ «ስሙን ያወጡለት ለዚሁ ሥራ ነው» ይሉታል። ኢድሪስ ሞተሩን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ ለትረካው የሚሆን የወፍ፣ የወንዝና የገበያ ድምፅ ይለቅማል። ሦስቱም የጋሽ ወንድይፍራውን ወንበር በልባቸው ይመኛሉ። ስንዱ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

ምትኩ በመሣሪያዎቹ ሁሉ ላይ ፋይል የሚያመሳስል ፕሮግራም ጭኖ ነበር። አንዱ ላይ የተሠራው በኢንተርኔት ዞሮ ሌላውም ላይ ይገኛል። ፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሲያጋጥሙት ሰዓታቸውን አይቶ አዲሱን ያስቀራል፣ አሮጌውን ይሽራል። በእሳቸው ስልክ ላይ እንዳይጭን ግን ጋሽ ወንድይፍራው ከልክለውታል። «ድምፄን በኪሴ ይዤ አልዞርም፤ ጉሮሮዬ ይበቃዋል» አሉት። ምትኩ እሺ አለ፣ ደብቆም ጫነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው።

የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሰዓት ደግሞ የሐበሻ ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሱት ጋሽ ወንድይፍራው ራሳቸው ናቸው። «ጠዋት በሦስት ሰዓት ‹ዘጠኝ ነው› የሚለኝን መሣሪያ በምኑ አምነዋለሁ?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ማንም መልሶ አላስተካከለውም።

ቅዳሜ ዕለት የመጨረሻውን ምዕራፍ ለልምምድ አነበቡ። ሳል የበዛበት ንባብ ነበር፤ መዝጊያ ቃላቸውንም «የመጨረሻ ቃል አይለማመዱትም» ብለው ሳይሉት ቀሩ። እሑድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ስንዱ እቤቷ ሆና ያንኑ የልምምድ ቅጂ በላፕቶፗ ከፈተች። ሥራዬን ላቅልል ብላ ጥቂት ሳል ቆረጠችና አስቀመጠችው። ላፕቶፑ በፈረንጅ አቆጣጠሩ ስምንት ሰዓት ብሎ መዘገበ። በሰፈሯ መብራት ስለጠፋ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ክዳኑን ዘግታ ወደ ስቱዲዮ ሄደች። በአራት ሰዓት አባቷ እውነተኛውን ንባብ በልምምዱ ፋይል ላይ ቀረጹት። መዝጊያው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተሰበረም። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ገቡ፤ ስልካቸውም ተዘግቶ ሚስታቸው እትዬ ዘርፌ ቦርሳ ውስጥ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ስንዱ ስቱዲዮ ገብታ ላፕቶፗን ከፈተች። አባቷ ሲነቁ እንዲሰሙት ምዕራፉን ልታሰናዳ ነው። ጥቂት ቆይታ ድምፁን ብታስነሣው ሳል መጣ። ወደ መጨረሻው ሄደች፤ መዝጊያው የለም። በስቱዲዮው ኮምፒውተር ሞከረች፣ ያው ሳል። በኢድሪስ ላፕቶፕ ሞከረች፣ ያው ሳል። የምትኩ ሃርድ ዲስክ የያዘው የቅዳሜውን ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት አባቷ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተዋል፤ እንደገና አንብብልኝ የሚባል አባት ከእንግዲህ የለም።

«የጋሼ ስልክ» አለ ምትኩ ድንገት። «ትናንት የተቀረጸውን ተቀብሎ ነው የተዘጋው። በርቶ ኢንተርኔት ካገኘ ግን እሱም ይሽረዋል።»

«ከልክሎህ አልነበር?» አለች ስንዱ።

«ከልክለውኛል። ጭኛለሁ።»

የእትዬ ዘርፌ ስልክ ዝግ ነው። ኢድሪስ የሞተሩን ቁልፍ ይዞ ደረጃውን እየወረደ ነበር።

ሰኞ የደሴ ገበያ ነው፤ መንገዱ በበግና በባጃጅ ተጨናንቋል። ኢድሪስ በእግረኛው መንገድም፣ በቦዩ ዳርም ነዳ። ሆስፒታሉ ሲደርስ እትዬ ዘርፌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ስልክ ማብሪያ ተጭነዋል፤ የራሳቸው ስልክ ባትሪ ስላለቀ፣ በዚህ «በሰላም ገባ» ብለው ለዘመድ ሊደውሉ ነው። ስክሪኑ ነጣ። ኢድሪስ አልጠራቸውም፣ አላስረዳቸውም። ስልኩን ከእጃቸው መንጭቆ ባትሪውን ነቀለው። ጣታቸው ደማ።

«አንተ ልጅ፣ በኔ ላይ?» አሉት። ጥበቃው አንገቱን ያዘው።

«ይማሩኝ እትዬ» አለ ኢድሪስ ስልኩን ደረቱ ላይ አጥብቆ። «ጋሼ እዚህ ውስጥ ናቸው።»

እትዬ ዘርፌ የቀዶ ጥገናውን በር አዩ፣ ስልኩን አዩ። «ልቀቀው» አሉት ጥበቃውን።

ስንዱ እስከዚያ ከሁለት ቁጥሮች ጋር ተፋጣ ነበር። ምትኩ «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ይላል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ነው። እሷ ግን አየችው። የልምምዱ ቅጂ ስምንት ሰዓት ይላል፣ እውነተኛው አራት። የስቱዲዮው አራት ሰዓት በላፕቶፑ አሥር እንደሆነ ሰው ያውቃል፣ ማሽን አያውቅም። ለማሽን ስምንት ከአራት ይበልጣል። የአባቷ ሰዓትና የእሷ ጥድፊያ ተጋግዘው የአባቷን ድምፅ ሽረውታል።

ኢድሪስ ተመልሶ ስልኩን አስረከበ። ምትኩ ሲም ካርዱን አውጥቶ ባትሪውን መለሰና ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳረፈ።

«ቆይ» አለች ስንዱ። «ኢንተርኔት ላይ ያለው የስምንት ሰዓቱ ነው፣ የአባዬ የአራት ሰዓት ነው። ይሄ ስልክ ደግሞ ይህን ቤት ያውቀዋል።»

ሄዳ የዋይፋዩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። ስልኩ በራ፤ የለመደውን ዋይፋይ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣው። ፋይሉን በገመድ ቀዱት። ሦስቱም ሳይተነፍሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ መዝጊያ ቃሉ ሲመጣ ስንዱ አለቀሰች።

ጋሽ ወንድይፍራው አልጋቸው ላይ ሆነው የራሳቸውን ድምፅ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የሆነው ሁሉ፣ የስንዱም ጥፋት ሳይደበቅ፣ ተነገራቸው። ከዚያ ትንሿን ሰሌዳ ስበው «ድምፄን ያተረፈ ወንበሬን ይውረስ» ብለው ጻፉ። ጥቂት አሰቡና ከሥሩ ጨመሩ፦ «ልጄ ስላለችበት እኔ አልፈርድም።»

«እኔ ባልደብቅ ኖሮ የሚፈለግ ስልክም አይኖርም ነበር» አለ ምትኩ።

«እኔ ባልደርስ የደበቅኸው ሆስፒታል በር ላይ ይጠፋ ነበር» አለ ኢድሪስ።

«ሁለታችሁ ያመጣችሁት እዚሁ ቤት ሊጠፋ ነበር» አለች ስንዱ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ብቻዬን ግን አይደለሁም» አለች።

ምትኩ ያልታዘዘ ነው። ኢድሪስ እናት ላይ እጁን ያነሣ ነው፤ እትዬ ዘርፌ ግን በጨርቅ የታሠረ ጣታቸውን እያሳዩ «እኔን ምክንያት አድርጋችሁ እንዳትነፍጉት፣ የኔ ጣት ይድናል» አሉ። ስንዱም የፈታችው ራሷ ያወሳሰበችውን ነው።

እሑድ ሬዲዮ ጣቢያው የመጨረሻውን ምዕራፍ አሰማ። ባለ ሱቁ ሚዛኑን አንጠልጥሎ ቆመ። ሦስቱ ከባዶው ወንበር ጀርባ ቆመዋል፤ የስንዱ እጅ መደገፊያው ላይ ነው፣ አልሳበችውም። «እኔ እዚህ ላይ ዝም ልበል፣ እናንተ ቀጥሉ» አለ ድምፁ። የማይክሮፎኑ ቀይ መብራት በራ።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ፣ እሳቸው የሚናገሩበት ድምፅ የላቸውምና እናንተ ተናገሩላቸው፦ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ?