ማባያ የማይመርጠው እንግዳ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የላም በረት ብላችሁ ጠጋ በሉ። በሩንም ዝጉት።

ድሮ ድሮ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር፣ አንጓች የምትባል ልጃገረድ ነበረች። እናቷ ሞታለች፤ ከአባቷ ከአያ ደምሌ ጋር ትኖራለች። በየበዓሉ የመንደሩ ሰዎች በሬ ጥለው ቅርጫ ሲካፈሉ፣ የጥሬ ሥጋውን ማባያ የምታዘጋጀው እሷ ናት። የሁሉንም ምላስ ታውቃለች። አባቷ ሚጥሚጣ ይወዳሉ። ቄሱ ሰናፍጭ ካልቀረበ አይጎርሱም። ጎረቤቷ እሜቴ ይርገዱ አዋዜያቸውን በጠጅ ያስለውሳሉ።

«ማባያ የማይመርጥ ሰው የለም» ትል ነበር አንጓች።

በእንቁጣጣሽ ቀን አንድ እንግዳ መጣ። ነጭ ጋቢ ለብሷል። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ወገቡ ዝቅ ያለ። አገሩን ሲጠይቁት ወደ ገደሉ ማዶ አመለከተ። ውሾቹ አልጮኹበትም፤ ጎተራ ሥር ገብተው ተንቀጠቀጡ።

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ» አለ። «ቁርበት አንጥፉልኝ።»

የበሬውን ቁርበት አነጠፉለት። አንጓች ሚጥሚጣ አቀረበችለት።

«ውሰጂው እቴ» አለ። «ሥጋ ለራሱ ይበቃል።»

አንድ ሙሉ ብልት ብቻውን ጨረሰ። ሲሄድ ቁርበቱም የለም። በማግስቱ አዲስ መቃብር ተቆፍሮ፣ ሬሳው ጠፍቶ ተገኘ።

በገና ተመልሶ መጣ።

«ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ።

አነጠፉለት። አንጓች ሰናፍጭ አቀረበችለት። ሽታው ሲደርሰው አፍንጫውን በጋቢው ሸፈነ።

«ውሰጂው እቴ። ሥጋ ለራሱ ይበቃል።»

ከዚያም አንጓችን ከእግር እስከ ራሷ አያትና ምራቁን ዋጠ። «አያ ደምሌ፣ ይህችን ልጅ ዳሩልኝ። ከገደሉ ማዶ የሚሰማራው ከብት ሁሉ የኔ ነው። ለፋሲካ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

አያ ደምሌ ከብቱን አሰቡና እሺ አሉ። እንግዳው ሲሄድ ቁርበቱም የለም። በማግስቱ ሌላ መቃብር ተቆፍሮ ተገኘ።

«አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ማባያ አይመርጥም» አለች አንጓች።

«ሀብታም ነው። የአፉ ነገር ምን አገባሽ?»

«የሚያስፈራኝ አፉ ነው። ሰው አይመስለኝም።»

«እስኪ አሳዪኛ» አሉ አባቷ እየሳቁ።

አንጓች አልሳቀችም። ከገና በሬ የተረፈውን አጥንት ሰብስባ አደረቀች፤ ወቀጠች፤ በከረመ ቅልጥም ለወሰችው። ፋሲካ ሲደርስ ቁርበቱን ራሷ አነጠፈች። ከማንጠፏ በፊት ግን የውስጡን ገጽ በአንድ ቅል ሙሉ ሚጥሚጣ አሸችው።

እንግዳው መጣ።

«ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ።

«ተነጥፏል ጌታዬ» አለች። ሦስት ጣባ ደረደረችለት። «ዛሬ ምርጫው የርስዎ ነው።»

አዋዜውን አለፈው። ሰናፍጩን አለፈው። ሦስተኛው ጣባ ውስጥ ያለው ግራጫ ነበር። እጁ እዚያ ላይ ቆመ። አጥቅሶ ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ጣባውን አንስቶ ላሰው፤ ከዚያ ሸክላውንም ቆረጠመው።

«የማን እጅ ነው?» አለ። «ይህን ማባያ የሚያውቁት የኔ ወገኖች ብቻ ነበሩ።»

«አጥንት ነው» አለች አንጓች።

እንግዳው ሳቀ። ሳቁ ከሰው ደረት የሚወጣ አልነበረም። ከገደሉ ማዶ ብዙ ሳቆች መለሱለት።

አያ ደምሌ ዱላቸውን ይዘው ከልጃቸው ፊት ቆሙ። «ቃሌን አጥፌያለሁ» አሉ።

እንግዳው ዘሎ ተነሣ። መሸሽ ይችል ነበር፤ ቁርበቱን ትቶ መሸሽ ግን አልቻለም። በጥርሱ ነክሶት፣ በአራት እግሩ ወደ ገደሉ ወረደ። እየሮጠም በላው።

በማግስቱ ሰዎቹ ወንዝ ወረዱ። አንድ ጅብ አፉን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ሞቷል። ጀርባው ላይ ነጭ ጋቢ ነበር።

«ሚጥሚጣ ያልለመደ ጉሮሮ» አሉ እሜቴ ይርገዱ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለዚህ ነው። አገሩን ቢሸሽጉ አፍ ይናገራል።

ተረቴን እዚህ ላይ ቋጠርኳት። በሩን ግን ገና አትክፈቱ። ሳቁን የመለሱለት ብዙ ነበሩ።