እንዳትጠፋ የተባለችው ኮምፒውተር

አንድ ቀን እኔን ከኮምፒውተር ክፍል አንስተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያዛውሩኝ ደብዳቤ ተጻፈ። በኮሌጃችን የኮምፒውተር ክፍል ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ሠርቻለሁ ብል ውሸት ይበዛበታል። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ሊያነሱኝ አስበው አልሆነላቸውም። ያዳነችኝ ከጠረጴዛዬ ሥር ያለች አሮጌ ኮምፒውተር ናት። «እንዳትጠፋ! ደምሰው» ብዬ ከነስሜ በትልቁ ጽፌ ለጥፌባታለሁ። ምን እንደምትሠራ ድሮ አውቅ ነበር፤ አሁን ረስቼዋለሁ፤ ይህን ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ እሷ ከጠፋች የተማሪው ውጤት፣ የሠራተኛው ዝርዝር፣ የበሩ ደወል ሳይቀር ቀጥ እንደሚል እነግረዋለሁ። የበሩን ደወል የጨመርኩት በቅርቡ ነው።

ደብዳቤው ከመጻፉ ሦስት ሳምንት በፊት ኤልዳና የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ተቀጠረች። እሷም ያቺ ኮምፒውተር ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ይህን ለማወቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ማርጀት ያስፈልጋል አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

እንግዲህ ደብዳቤው የተጻፈ ዕለት ዲኑ አቶ ሽብሩ ይዘውት መጡ። እኔም ጎንበስ ብዬ ኮምፒውተሯን ደባበስኳት። ግምጃ ቤት ለመውረድ ግድ እንደሌለኝ፣ ግን እሷ ለአንድ ደቂቃ ብትጠፋ ኮሌጁ ነገ እንደማይከፈት ነገርኳቸው። አቶ ሽብሩ ፈራ ተባ አሉና ደብዳቤውን ማጠፍ ጀመሩ። ልቤ ተመለሰ።

ይሄኔ ኤልዳና እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የገባሁ ቀን ጠረጴዛ ሳስጠጋ ሶኬቷን ነቅዬባታለሁ። መልሼ ልሰካት ስል እርስዎ ‹እጅሽን እንዳታስነኪያት› አሉኝ። እኔም ምን ቆመ ብሎ የሚጮህ ሰው ስጠብቅ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ጎንበስ ብዬ ባይ እውነትም ሶኬቷ መሬት ላይ ተኝቷል። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ።

«አዩ አይደል አቶ ሽብሩ» አልኩ፣ «የድሮ ሰው ሥራ እንዲህ ነው። ጠፍታ እንኳን ትሠራለች።»

አቶ ሽብሩ ያጠፉትን ደብዳቤ ዘርግተው ሰጡኝ።

«ጥሩ ነዋ ጋሽ ደምሰው። ግምጃ ቤቱ ሶኬት የለውም፤ ይዘዋት ይውረዱ።»